ሄልሜት በኦፍሮድ እሽቅድድም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሸዋ፣ በጭቃና በድንጋይ ላይ የሚወዳደር ሰው ስለ ሞተር ጉልበት፣ ስለ ጎማና ስለ ሞላ ሲያወራ ቢውል አይደክመውም። የሄልሜት ጥያቄ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍተሻ ላይ "በዚህ አትገባም" ሲባል ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ከዚህ በታች ያሉትን ጀማሪውም ልምድ ያለውም ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ እያንዳንዱ ውድድር የራሱ የደንብ መጽሐፍ አለው። እዚህ የተጻፈው ያንን መጽሐፍ ለመረዳት ያግዛል እንጂ አይተካውም።

የሞተር ሄልሜት አድርጌ መኪና መወዳደር እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ይሄ የወረቀት ጣጣ አይደለም። ሁለቱ ሄልሜቶች የተሠሩት ለሁለት የተለያዩ አደጋዎች ስለሆነ ነው።

ሞተረኛ ሲወድቅ ከሞተሩ ይላቀቃል። ጭንቅላቱ የሚያርፈው መሬት፣ ድንጋይ ወይም የዛፍ ግንድ ላይ ነው። የመኪና ተወዳዳሪ ግን በቀበቶ ተጠፍሮ ነው የተቀመጠው። መኪናው ሲገለበጥ ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለው የሮል ኬጁ (መኪናው ሲገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ የሚሠራው የብረት ቤት) ብረት ነው። መኪናው ሦስት አራት ጊዜ ከተንከባለለ ያው ብረት ያንኑ የሄልሜቱን ጎን ደጋግሞ ሊመታው ይችላል። ከዚህ ሌላ እሳት አለ። ሞተረኛው ብዙውን ጊዜ ከነዳጁ ርቆ ይወረወራል። ባለመኪናው ግን ቀበቶውን ፈትቶ እስኪወጣ ድረስ ከነዳጁ ጋር ነው።

ስኔል የተባለው የአሜሪካ ተቋም ይህን ልዩነት በፊደል ይገልጸዋል። ለሞተር ሄልሜት "ኤም"፣ ለመኪና ውድድር "ኤስኤ" ይላል። ኤስኤ የሚባለው ሄልሜት የሮል ኬጅ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ተደጋግሞ ይመታል። ከዚያ የእሳት ፈተና ይከተላል። ወደ 790 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ የፕሮፔን ነበልባል ለ30 ሰከንድ የውጭ ቅርፊቱ ላይ ይያዛል። ነበልባሉ ሲነሳ ሄልሜቱ ላይ የቀረው እሳት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በራሱ መጥፋት አለበት። በዚህ ሁሉ መሃል የውስጥ ሽፋኑ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። የአገጭ ማሰሪያውና የፊት መስታወቱም ለየብቻ በእሳት ይፈተናሉ።

የኤም ሄልሜት ይህን ፈተና አይወስድም። የውስጥ ጨርቁ ተራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። "ያው ሄልሜት አይደል እንዴ?" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህችን አንድ ነገር ንገሩት።

"ኬ" የሚል ምልክትም አለ። እሱ ለካርቲንግ፣ ማለትም ለትንንሽ ክፍት የውድድር መኪኖች ነው። የእሳት ፈተና ስለሌለበት ኬጅ ላለው መኪና አይሆንም።

ግልባጩስ? የመኪና ሄልሜት አድርጌ ሞተር ብነዳ?

አይመከርም። ለኤስኤ ሄልሜት የእይታ ክፍተቱ ጠበብ ማለት ይፈቀድለታል። ሞተረኛ ደግሞ ግራ ቀኙን ማየት አለበት። በዚያ ላይ ብዙ የኤስኤ ሄልሜቶች የመንገድ ፈቃድ ምልክት የላቸውም።

ዩቲቪና ኳድ የየትኛው ወገን ናቸው?

አደጋችሁ ምን እንደሚመስል ራሳችሁን ጠይቁ። ወንበር ላይ በቀበቶ ታስራችሁ፣ ዙሪያችሁን ኬጅ ካለ፣ አደጋችሁ የመኪና አደጋ ነው። ዩቲቪ፣ ማለትም ጎን ለጎን ወንበርና መሪ ያለው ትንሽ የኦፍሮድ መኪና፣ እዚህ ይመደባል። ስለዚህ ብዙ አዘጋጆች ለዩቲቪ የኤስኤ ወይም የኤፍአይኤ (የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን) ሄልሜት ይጠይቃሉ። ባለ አራት ጎማው ኳድ ላይ ግን እንደ ሞተር ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጀታ ይዛችሁ ነው የምትነዱት። ስትወድቁም ትወረወራላችሁ። የእሱ ሄልሜት የሞተር ነው።

ታዋቂው የበረሃ ውድድር ዳካር ራሊ ላይ ይሄ በግልጽ ይታያል። ሞተሮቹ በኤፍአይኤም (የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን) ደንብ፣ መኪኖቹና ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች በኤፍአይኤ ደንብ ይወዳደራሉ። አሸዋው ያው አሸዋ ነው። ራስ ላይ የሚደረገው ግን ለየቅል ነው።

ሄልሜቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ምን ይነግሩኛል?

ብዙ ነገር። ምልክት ማንበብ የሚችል ሰው ሻጭ ሊያታልለው አይችልም። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

"ዶት" የአሜሪካ መንግሥት የሞተር ሄልሜት መስፈርት ነው። ስቲከሩ ከኋላ በኩል ውጪ ላይ ይለጠፋል። መንግሥት ሄልሜቱ ገበያ ከመግባቱ በፊት አይፈትሸውም። አምራቹ ራሱ "መስፈርቱን ያሟላል" ብሎ ይለጥፋል፤ መንግሥት ከገበያ ላይ ናሙና እያነሳ ይፈትሻል። ከ2013 ወዲህ በተሠራ ሄልሜት ላይ ስቲከሩ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና የደንቡን ቁጥር 218 መያዝ አለበት። ሦስቱ ፊደላት ብቻ ያሉበት አዲስ ሄልሜት ካያችሁ ተጠራጠሩ።

"ኢሲኢ 22" የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ነው። እዚህ ሄልሜቱ ከመሸጡ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይፈተሻል። ምልክቱን የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ ላይ ታገኙታላችሁ። ክብ ውስጥ "ኢ" የሚል የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ይናገራል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ከጀመረ የድሮው፣ በ06 ከጀመረ አዲሱ የደንቡ እትም ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ፊደል አለ። "ፒ" ከሆነ የአገጩ ክፍል ተፈትኖ አልፏል። "ጄ" ከሆነ የአገጭ መከላከያ የለውም። "ኤንፒ" ማለት አገጭ የሚሸፍን ነገር አለው፣ ግን አይከላከልም ማለት ነው። ለኦፍሮድ የምትፈልጉት "ፒ"ን ነው። ፊት ለፊት በእጀታው ላይ ተወርውሮ የሚወድቅ ሞተረኛ አገጩን መከለል አለበት።

"ስኔል" መንግሥታዊ አይደለም። ፒት ስኔል የተባለ ተወዳዳሪ በ1956 ውድድር ላይ በጭንቅላት ጉዳት ሲሞት፣ ጓደኞቹ በ1957 ያቋቋሙት በጎ አድራጎት ተቋም ነው። መስፈርቱ ከበድ ይላል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሹል ብረት ከ3 ሜትር ገደማ ከፍታ ቅርፊቱ ላይ ይጣላል፤ ሹሉ ውስጥ ያለውን የጭንቅላት ቅርጽ ከነካ ሄልሜቱ ወደቀ። አገጩ ላይ 5 ኪሎ ክብደት ይለቀቃል። ሄልሜቱ ከራስ ላይ ተንሸራትቶ እንደማይወልቅም በድንገተኛ ጉተታ ይፈተሻል። ከዚያ በኋላም ተቋሙ ከገበያ ሄልሜት እየገዛ መልሶ ይፈትናል። ስቲከሩ ውስጥ፣ ከምቾት ጨርቁ ሥር ነው ያለው። እሱን ለማየት ጨርቁን ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

"ኤፍአይኤ" የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ምልክት ነው። ለአዋቂዎች በብዛት የሚያጋጥሟችሁ ቁጥሮች 8859 እና 8860 ናቸው። 8860 ከሁሉም ጥብቁና በጣም ውዱ ነው። የ2018ቱ እትም በ2019 ለፎርሙላ 1 ግዴታ ሆኗል። 8859 ደግሞ ጥበቃውን ብዙ ሳይቀንስ ዋጋውን ለሰፊው ተወዳዳሪ የሚያቀርብ ነው። ለብዙዎቹ የኦፍሮድ መኪና ውድድሮች እሱ ይበቃል።

ታዲያ ዶት ብቻ ያለው ሄልሜት ይበቃኛል?

ደንቡ ከፈቀደ ትወዳደሩበታላችሁ። በእኔ እምነት ግን ለውድድር አይበቃም። የዶት ፈተና ወደ ጭንቅላት የሚተላለፈው ምት እስከ 400 ጂ (የመሬት ስበትን 400 እጥፍ) እንዲደርስ ይፈቅዳል። ኢሲኢ 22.05 ጣሪያውን 275 ጂ ላይ አድርጎታል። አመታቱ ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር ልክ አይሆንም። ቢሆንም የጥብቅነቱን አቅጣጫ ያሳያሉ። ኢሲኢ 22.06 ደግሞ በዝቅተኛም በከፍተኛም ፍጥነት ይመታል፤ በተጨማሪም አዙሪት የሚፈጥረውን የጎን ምት ይለካል። ለሞተረኛ 22.06 ወይም የቅርብ ጊዜ የስኔል ኤም ያለበትን ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ስለ ሐሰተኛው ደግሞ እንናገር። መልኩ ሄልሜት የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ምንም የሌለው ዕቃ በየቦታው ይሸጣል። እጃችሁን ውስጥ ከትታችሁ ጠንካራውን ፎም ጫን በሉት። ደህና ሄልሜት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠጣር ፎም አለው። ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ዕቃው ከግማሽ ኪሎ በታች ከቀለለ፣ ስቲከሩ ምንም ይበል ምን አስቀምጡት።

"ኤስኤ2020" የሚል ነው የገዛሁት። ጊዜው አልፎበታል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያደናግራል። 2020 የመስፈርቱ ስም ነው እንጂ ሄልሜቱ የተሠራበት ዓመት አይደለም። የኤስኤ2020 ሄልሜት በ2023 ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የተሠራበት ቀን ማሰሪያው ላይ ወይም ከምቾት ጨርቁ ሥር ለብቻው ተጽፏል።

ስኔል መስፈርቱን በየ5 ዓመቱ ያድሳል፦ 2010፣ 2015፣ 2020፣ 2025። ብዙ አዘጋጆች የመጨረሻዎቹን ሁለት እትሞች ይቀበላሉ፤ አዲስ ሲመጣ ሦስተኛው ይወጣል። 2025 ሲመጣ ኤስኤ2015ን ብዙ ቦታ ያስወጣው ይህ አሠራር ነው። ኤስኤ2020 በዚህ ስሌት ገና ዕድሜ አለው። ሆኖም አንዳንድ ውድድሮች የሚቆጥሩት ከተሠራበት ቀን ነው፤ ሁለቱንም ቀኖች ጽፋችሁ ያዙና ከደንቡ ጋር አስተያዩ።

አልወደቀም፣ አልተመታም። ለምን በ5 ዓመት ልቀይረው?

ስኔል ራሱ የሚመክረው 5 ዓመት ነው። ምክንያቱ ላብ፣ የፀጉር ቅባት፣ የፀሐይ ጨረር፣ የነዳጅ ትነትና በየቀኑ መውለቅ መጥለቁ ነው። ሙጫው ይደርቃል፤ የውስጥ ትራሱ ይሟሽሻል። ትራሱ ሲሟሽሽ ሄልሜቱ ይሰፋል። የሰፋ ሄልሜት ደግሞ በምት ጊዜ ቦታውን ይለቃል።

ኦፍሮድ ላይ ይሄ ይፈጥናል። አቧራው የማሰሪያውን ክር ይበላዋል። በየሳምንቱ የሚወዳደር ሰው 5 ዓመት ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ስታጥቡት ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ። ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛና ጠንካራ ኬሚካል ፎሙንም ቅርፊቱንም ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ከነዳጅ ጀሪካን ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጡት።

ከእጄ ወደቀብኝ። ልጣለው?

ባዶውን ከጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ ስለወደቀ ብቻ አይጣልም። ፎሙን የሚጨፈልቀው በዋነኛነት ከውስጥ ያለው የጭንቅላት ክብደት ነው። ባዶ ሄልሜት ሲወድቅ ያ ክብደት የለም። ቢሆንም ጨርቁን አውጥታችሁ ፎሙን በደንብ እዩ። ስንጥቅ፣ የተረገጠ ቦታ ወይም ከቅርፊቱ የተላቀቀ ነገር ካለ አበቃለት።

ጭንቅላት ውስጡ ሆኖ ከተመታ ግን ሌላ ነው። ውስጥ ያለው ነጭ ፎም አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚታሸግበት ዓይነት ነው። ሥራውን የሚሠራው በመጨፍለቅ ነው። ምቱን የሚውጠው ራሱ እየተሰባበረ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ቅርፊቱ ግን ተመልሶ አዲስ ሊመስል ይችላል። ከውጪ ጭረት እንኳ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አደጋ ውስጥ የገባ ሄልሜት ይቀየራል። በዚህ ላይ መደራደር የለም። አንዳንድ አምራቾች የተመታ ሄልሜት ተቀብለው ይመረምራሉ፤ ይሄ አገልግሎት ካለ ተጠቀሙበት።

ያገለገለ ሄልሜት መግዛትስ?

አይሆንም። ታሪኩን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ገንዘብ ካጠረ ጓንቱን፣ ቦቲውን፣ ማልያውን ያገለገለ ግዙ። ሄልሜቱን አዲስ።

የሞቶክሮስ ሄልሜት አገጩ ለምን ይረዝማል? ግንባሩ ላይ ያለው ጥላስ?

አገጩ የሚረዝመው ለትንፋሽ ነው። ሞቶክሮስ ላይ ሰው እየሮጠ ያለ ያህል ይተነፍሳል። ክፍተቱም ጎግል እንዲገባ ሰፋ ብሎ የተሠራ ነው።

ጥላው ፀሐይን፣ ጭቃንና ከፊት ያለው ሞተር የሚረጨውን ድንጋይ ይከልላል። ፊት ያለው ተወዳዳሪ ጎማ ድንጋይ ሲለቅ አገጫችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ጥላው ይቀበለዋል። ሲወድቁ ደግሞ እንዲሰበር ወይም እንዲነቀል ሆኖ ነው የተሠራው። ካልተነቀለ መሬት ይዞ አንገትን ያጥፋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ ብሎኑ ፕላስቲክ የሚሆነው። ብሎኑ ሲጠፋ ከሳጥን ውስጥ የተገኘ የብረት ብሎን የሚያስሩ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የአምራቹን ብሎን ፈልጉ።

መኪና ውስጥ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ይሻላል ወይስ ክፍት?

በራሊ ክፍት ሄልሜት ዛሬም ይታያል፤ በተለይ ረዳት አሽከርካሪዎች ማስታወሻ ሲያነቡ ይመቻቸዋል። በበረሃ ውድድር ግን፣ በተለይ መስታወት በሌለው መኪና፣ ሙሉው ይሻላል። ድንጋይ አለ፤ አቧራ አለ። ከ1967 ጀምሮ በሜክሲኮ የሚካሄደው ባሃ 1000 ላይ ተወዳዳሪው ከፊት ያለው መኪና በለቀቀው አቧራ ውስጥ ለሰዓታት ሊነዳ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሄልሜቶች ከላይ ወይም ከጎን የቱቦ መግቢያ አላቸው። መኪናው ላይ የታሰረ ትንሽ ነፋሻ አየሩን አጣርቶ ወደ ሄልሜቱ ይገፋል። ንጹሕ አየር ወደ ውጪ ስለሚገፋ አቧራው መግባት አይችልም።

የሄልሜቱ የፊት መስታወት ቀልድ አይደለም። የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪውን ፌሊፔ ማሳን በ2009 በሃንጋሪ ከሌላ መኪና የወለቀ ሞላ መስታወቱና ቅርፊቱ በሚገናኙበት አካባቢ መትቶት ጭንቅላቱ ተጎድቷል። ከዚያ በኋላ ኤፍአይኤ የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ማጠናከር ጀመረ። ስኔልም መስታወት ሲፈትን በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ የእርሳስ ጥይት ይመታዋል። የተጫረ መስታወት ቀይሩ፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ምንም አያሳይም።

ሃንስ ግዴታ ነው? የሞቶክሮስ የአንገት ማቀፊያስ ያው ነው?

ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ሃንስ የመኪና ተወዳዳሪን ጭንቅላትና አንገት የሚይዝ መሣሪያ ነው። ትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ የወንበሩ ቀበቶ በላዩ ያልፍና ይይዘዋል። በሁለት ጠንካራ ማሰሪያዎች ከሄልሜቱ ግራና ቀኝ ጋር ይያያዛል። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ ቀበቶ ደረትን ያስቆማል። ጭንቅላት ግን አይቆምም፤ ከነሄልሜቱ ክብደት ወደፊት ይወረወራል። የሚጎተተው አንገት ነው። ጉተታው ሲበዛ የራስ ቅል ሥር ይሰበራል። የበረሃ መኪና ከፍ ብሎ ዘልሎ በአፍንጫው ቦይ ውስጥ ሲተከል የሚፈጠረው ይኸው ነው፤ ግድግዳ መኖር የለበትም።

መሣሪያውን በ1980ዎቹ የፈለሰፈው የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰሩ ሮበርት ሃባርድ ከተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር ሆኖ ነው። ለዓመታት ብዙ ሰው "ይጨንቃል፣ አያንቀሳቅስም" እያለ ገሸሽ አደረገው። በየካቲት 2001 የናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር) ኮከቡ ዴል ኧርንሃርት ዳይቶና ላይ ተጋጭቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ናስካር የጭንቅላት መያዣን ግዴታ አደረገ። ዛሬ በብዙ የኦፍሮድ መኪና ምድቦች ግዴታ ነው። "ኤፍአይኤ 8858" ወይም "ኤስኤፍአይ 38.1" (ኤስኤፍአይ የአሜሪካ የውድድር ዕቃ መስፈርት አውጪ ተቋም ነው) የሚል ምልክት ፈልጉበት። የኤስኤፍአዩ በየ5 ዓመቱ ታይቶ መታደስ አለበት። ብዙዎች ይህን ይረሱና ፍተሻ ላይ ይቀራሉ።

ሄልሜቱም መዘጋጀት አለበት። ከኤስኤ2015 ጀምሮ ያሉት የስኔል ኤስኤ ሄልሜቶች ለማሰሪያው የሚሆን 6 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ቀዳዳ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። ቀዳዳ የሌለውን ራሳችሁ በስታችሁ እንዳትሞክሩ።

የሞተረኛው ማቀፊያ ግን ከሄልሜቱ ጋር አይታሰርም። ሄልሜቱ ሲያርፍበት አንገት ከመጠን በላይ እንዳይታጠፍ ይደግፋል። በአብዛኛው የግል ምርጫ ነው። ከስፖንጅ የሚሠራው ክብ የአንገት ትራስም የሃንስን ሥራ አይሠራም፤ ድካም ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሚፕስ ያለበት ይሻላል?

ሊጠቅም ይችላል። ሚፕስ በስዊድን የተሠራ ሐሳብ ነው፤ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ሃንስ ፎን ሆልስትና ኢንጂነሩ ፔተር ሃልዲን ናቸው የጀመሩት። ኦፍሮድ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ በአናቱ አይወድቅም። አግድም እየተንሸራተተ ነው የሚመታው። ያ ጭንቅላትን በድንገት ያዞረዋል፤ አንጎልን ክፉኛ የሚጎዳው አዙሪቱ ነው። ሚፕስ ውስጥ ያለው ቀጭን ንብርብር ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል እንዲንሸራተት ይደረግና አዙሪቱን ይቀንሳል። ሌሎች አምራቾችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ሆኖም ሚፕስ ኖሮት ልክ ከማይሆን ሄልሜት፣ ሚፕስ ሳይኖረው ልክ የሆነው ይሻላል።

ልኬቴን እንዴት ላውቅ?

የልብስ ሜትር ከቅንድብ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ አድርጋችሁት እዩ። ጉንጫችሁን ጫን ማለት አለበት። ሄልሜቱን ይዛችሁ ስታዞሩት የፊታችሁ ቆዳ አብሮ መዞር አለበት። ማሰሪያውን አስራችሁ አንድ ሰው ከኋላ ከሥር ይዞ ወደፊት ይግፋው። ከወለቀ ትልቅ ነው። 20 ደቂቃ ሳታወልቁ ቆዩ፤ ግንባር ላይ አንድ ቦታ የሚያቃጥል ሕመም ካለ ቅርጹ የናንተ አይደለም። ቁጥሩን ከማሳደግ ሌላ አምራች ሞክሩ። ሁሉም ጭንቅላት ክብ አይደለም፤ ሞላላ ጭንቅላት አለ።

ባላክላቫ (ከሄልሜት ሥር የሚለበስ የራስና የፊት ሽፋን ጨርቅ) የምትለብሱ ከሆነ ለብሳችሁት ለኩ።

ሬዲዮ፣ ካሜራ፣ ቀለም፣ ስቲከር መጨመር ይፈቀዳል?

ሬዲዮ በአምራቹ በተዘጋጀ ቦታ ከሆነ አዎ። ፎሙን በቢላ እየቆረጣችሁ ድምጽ ማጉያ ማስገባት ግን አይፈቀድም፤ የተቆረጠው ቦታ ምት አይውጥም። መሰርሰሪያ የነካው ሄልሜት ፈቃዱ የለም ማለት ነው።

ካሜራ ብዙ ደንቦች ሄልሜት ላይ እንዳይታሰር ይከለክላሉ። ጠንካራ ነገር ቅርፊቱ ላይ ወጥቶ ሲቆም ምቱን አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል፤ መሬትም ይይዛል። ደረት ላይ ወይም ኬጅ ላይ እሰሩት።

ቀለም ሄልሜቱ ከምን እንደተሠራ ይወሰናል። የአምራቹን መመሪያ ሳታዩ አትቀቡ፤ በተለይ የፖሊካርቦኔት (የፕላስቲክ ዓይነት) ቅርፊት በቀለም ማቅጠኛ ይዳከማል።

ልጄ የኔን ትንሹን ሄልሜት ቢጠቀም?

አይሆንም። የልጅ አንገት ገና ነው፤ የአዋቂ ሄልሜት ክብደት ይከብደዋል። ጭንቅላቱ ላይም ይዞራል። ለልጆች ለብቻው የወጣ መስፈርት አለ፦ ስኔልና ኤፍአይኤ በጋራ ያወጡት "ሲኤምአር" እና "ሲኤምኤስ"፣ የኤስኤፍአይ 24.1፣ የኤፍአይኤ 8878-2024። "ያድግበታል" ብሎ ሰፊ ጫማ መግዛት ይቻላል። ሰፊ ሄልሜት ግን አይገዛም።

ፍተሻ ላይ ምን ያያሉ?

መጀመሪያ ምልክቱን። የምቾት ጨርቁን ቀድማችሁ ገልጣችሁ ብታቀርቡ ወረፋው ይፈጥናል። ቀጥሎ ማሰሪያውን። ውድድር ላይ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ በሁለት የዲ ቅርጽ ቀለበቶች የሚያልፈው ነው፤ ጠቅ የሚያደርገው መቆለፊያ ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ጫፉ የተተለተለ ማሰሪያ ይመልሳችኋል። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ ስንጥቅ፣ የሃንሱ ብሎን ጥብቀት፣ የመስታወቱ ሁኔታ። ያለፈው ሄልሜት ላይ አንዳንዴ የፍተሻ ስቲከር ይለጠፋል። ከፍተሻ በኋላ ሌላ ሄልሜት መቀየር ቅጣት ያመጣል።

ተወዳዳሪ ወድቆ ካገኘሁ ሄልሜቱን ላውልቅለት?

መተንፈስ እስከቻለ ድረስ አይነካም። አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ሳያውቁ መጎተት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መስታወቱን ክፈቱ ወይም ጎግሉን አንሱ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከነሄልሜቱ በሁለት እጁ አጽንቶ ይያዝ፤ ሌላው እርዳታ ይጥራ። ትንፋሽ ከሌለና የግድ ከሆነ፣ የሠለጠነ ሰው ካለ ለሁለት ሆኖ ነው የሚወልቀው፦ አንዱ አንገቱን ይይዛል፣ ሌላው ቀስ አድርጎ ይስባል። ብዙ አዳዲስ ሄልሜቶች ከሥር ቀይ መጎተቻ አላቸው። እሱን ስትስቡ የጉንጩ ትራስ ብቻውን ይወጣና ሄልሜቱ ያለ ትግል ይለቃል። የራሳችሁ ሄልሜት ይህ እንዳለው ለቡድናችሁ አሳዩዋቸው።

ራሱ ተነስቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ግራ የተጋባ፣ ያስመለሰው፣ ዙሩን የማያስታውስ ወይም ራሱን ክፉኛ የሚያመው ሰው የዚያን ቀን ተመልሶ አይወዳደርም፤ ሐኪም ማየት አለበት። ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰበር ያድናል፤ አንጎል መናወጡን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ወደ ሕክምና ሲሄድ ሄልሜቱንም አብራችሁ ላኩት። ሐኪሙ የት ጋ እንደተመታና ምን ያህል እንደተመታ ያይበታል።